ጸጥ ያለ ሰፈር ሁሉ ሰላም አለውን?



ሰው ስለሚኖርበት ሰፈር ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚሰጠው ምስጋና ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ጸጥ ያለ ነው» ይላል። ቤት የሚከራየውም፣ ልጁን የሚድረውም፣ በጡረታ ወደ ትውልድ መንደሩ የሚመለሰውም ይህን ቃል እንደ ትልቅ ዋስትና ይቀበለዋል። ቃሉ ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ጸጥታ ምንድን ነው? የድምፅ አለመኖር ነውን? የጠብ አለመኖር ነውን? ወይስ ከሁለቱም የሚበልጥ ነገር ነው? ሰውስ ለሰፈሩ ጸጥታ ሲል እውነትን ቢያዳፍን መልካም አደረገ ይባላልን? ይህን ጥያቄ በረቂቅ ሐሳብ ብቻ ከምንመለከተው ይልቅ በአንዲት በምትታወቅ ቦታ፣ በሰሜን ወሎ ሐብሩ ወረዳ በምትገኘው በሲሪንቃ አንጻር ብንመረምረው ይበልጥ ግልጽ ይሆንልናል።

1. የመንደር ጸጥታ ከምን ይሠራል?

ሲሪንቃ ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ ወልድያና ወደ መቐለ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ፣ በመርሳና በወልድያ መካከል ትገኛለች። ከተማ እንዳትባል የነዋሪዋ ኑሮ ከእርሻ ጋር የተቆራኘ ነው፤ ገጠር ብቻ እንዳትባል አስፋልቱ በመካከሏ ያልፋል። ስሟ ከአካባቢዋ አልፎ የታወቀው በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው፤ ማዕከሉ ማሽላን፣ ጤፍን፣ ሽምብራንና ሌላውን ሰብል ዝናብ አጠር ለሆነው ለምሥራቃዊው ወሎ እንዲስማማ አድርጎ በማሻሻል ለገበሬው የደከመ ተቋም ነው። ሕዝቡም ዓይኑን ወደ በልግና ወደ ክረምት ሰማይ አቅንቶ የሚኖር ነው።

ከመኪና የወረደ እንግዳ ስፍራውን አይቶ «እንዴት ጸጥ ያለ ነው!» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ጆሮውን ጣል ቢያደርግ ብዙ ድምፅ ይሰማል። ከንጋት በፊት አዛን ይሰማል፤ በበዓል ቀን የቅዳሴ ዜማና የከበሮ ድምፅ ይሰማል፤ ወፍጮው ያጉረመርማል፤ የቡና ሙቀጫ ይወቀጣል፤ ከባድ መኪና በአስፋልቱ ያልፋል። እንግዲህ የመንደሩ ጸጥታ ከድምፅ መጥፋት የመጣ አይደለም። የሚሰማው ድምፅ ሁሉ የሚታወቅ በመሆኑና ማንንም የማያስደነግጥ በመሆኑ ነው። ጎረቤት የጎረቤቱን ውሻ ጩኸት ለይቶ ያውቃል፤ በሌሊት የሚያልፍ ሰው ቢያስል ማን እንደ ሆነ ይታወቃል።

እንዲህ ያለው ጸጥታ ከሰማይ እንደ ጠል የሚወርድ አይደለም፤ ሰዎች የሚሠሩት ነው። በወሎ ሰው ሲሞት ቅሬው ተሰብስቦ ይቀብራል፣ ሐዘንተኛውን ያጽናናል። በአጨዳና በውቂያ ጊዜ ደቦና ወንፈል ይወጣል። ዝናብ ሲዘገይ ወይም ሰው ሲታመም ቡናው ተፈልቶ ወዳጃ ይደረጋል። በሐብሩ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ ቀጥሎ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን አሉ፤ እኛ ካቶሊካውያን በዚያ ምድር ጥቂቶች ነን። ይሁን እንጂ በወሎ በጋብቻና በአበልጅነት የተሳሰረው ሕዝብ አንዱ የሌላውን ሙታን ሲቀብርና በሌላው ሰርግ ሲደሰት ኖሯል። ጸጥታው የተገነባው በዚህ ሁሉ ድካም ነው።

ድካም መሆኑንም መሸፋፈን አያስፈልግም። እንዲህ ባለ መንደር የሚኖር ሰው ጊዜውን፣ እህሉንና ትዕግሥቱን ይከፍላል። ጓዳው ለጎረቤት የተሰወረ አይደለም፤ ሐሜቱም አይቀርለትም። ስለዚህ ማንም የማያየው፣ ማንም የማይጠይቀው ስፍራ ቢያገኝ ደስ የሚለው ሰው አለ።

2. የአጥር ጸጥታ

ይህ ምኞት በሩቅ አገር ተፈጽሞ ይታያል። በእንግሊዝ አገር ብዙ ሰው የሚመኘው መኖሪያ ከከተማው ጫፍ፣ በገጠርና በከተማ መካከል ያለ ሰፈር ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት የአትክልት ስፍራ፣ በቤቶቹ መካከልም በልክ የተከረከመ የቁጥቋጦ አጥር ይኖራል። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ስለ ኑሯቸው ሲያጫውቱን ሕጉን፣ ንጽሕናውንና ዕረፍቱን ያመሰግናሉ። ልናቃልለው የሚገባ ነገርም አይደለም። በሰው ጓዳ አለመግባት አክብሮት ነው፤ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም በተሰሎንቄ ለነበሩት ምእመናን በጻፈው የመጀመሪያ መልእክቱ ጸጥ ብለው እንዲኖሩ፣ በየራሳቸው ሥራ ላይ እንዲያተኩሩና በእጃቸው እንዲሠሩ መክሯቸዋል።

ነገር ግን በጥር ወር 2018 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ መንግሥት የብቸኝነትን ጉዳይ በኃላፊነት የሚከታተል ሚኒስትር መሰየሙ ይታወሳል። ለዚህ መነሻ የሆነው በ2016 እ.ኤ.አ. በተገደለችው የምክር ቤት አባል በጆ ኮክስ ስም የተቋቋመው ኮሚሽን ያቀረበው ሐሳብ ነበር። ጸጥታ የሞላው አገር የሕዝቡን ብቸኝነት የመንግሥት ጉዳይ አድርጎ መያዝ ግድ ሆነበት ማለት ነው። ይህን የምናነሣው በእንግሊዞች ላይ ለመፍረድ አይደለም። በአዲስ አበባም በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ በአንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ስም የማይተዋወቁ ጎረቤቶች አሉ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ብሂላችን በዚያ በር ላይ ሲደርስ ኃይሉ ይደክማል።

የአጥር ጸጥታ ጉድለቱ ምን ላይ ነው? ክፉ ሥራ ስለተሠራበት አይደለም። ማንም ለማንም ምንም ዕዳ እንደሌለበት ስለሚያስመስል ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ጌታችን በተናገረው ምሳሌ ውስጥ ካህኑና ሌዋዊው በዚያ መንገድ ሲያልፉ ማንንም አልረበሹም፤ ጩኸት አላሰሙም፤ የማንንም ንብረት አልነኩም። እጅግ ጸጥተኞች ነበሩ። የተደበደበው ሰው ግን በዚያው በጸጥታቸው መካከል ደሙ ይፈስ ነበር።

3. የፍርሃት ጸጥታ

ከአጥር ጸጥታ የሚከፋ ሌላ ጸጥታ አለ፤ ይህንንም የወሎ ሕዝብ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮው ያውቀዋል።

በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ ሲጸና ገበሬዎች ከየቀዬአቸው ወጥተው ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው በዚሁ አውራ ጎዳና ዳር ተሰልፈው ምጽዋት ይለምኑ ነበር። በአገሪቱ ግን ስለ እነርሱ በይፋ አይነገርም ነበር፤ የመንግሥት ክብርና የአገር መልካም ስም እንዳይነካ በሚል ነገሩ ተሸፋፍኖ ቆየ። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ፎቶግራፍ ይዘው ለመናገር ሞከሩ፤ በጥቅምት ወር 1973 እ.ኤ.አ. የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላም ዓለም ሁሉ ሰማ። ከዚያ በፊት የነበረው ጸጥታ ሰላም ነበር የሚል ማን ነው?

በቅርቡም ይህ ነገር በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወደ ወሎ ዘልቆ ወልድያና አካባቢዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በመከራ ውስጥ ቆዩ። መብራት ጠፋ፤ ስልክ ተቋረጠ፤ ባንክ ተዘጋ፤ በመብራት የሚሠራ ወፍጮ ቆመ። ከአዲስ አበባ እስከ መቐለ ይመላለስ የነበረው የጭነት መኪናም መንገዱ ተዘጋበት። የሲሪንቃ የምርምር ማዕከል ዘረፋና ውድመት ደረሰበት። በጆሮ ብቻ ለሚመዝን ሰው፣ ተኩሱ ጋብ ባለባቸው ሰዓታት፣ እንደዚያን ጊዜ ጸጥ ያለ ዘመን አልነበረም። ነቢዩ ኤርምያስ የምድሪቱን መጥፋት ሲናገር ከምልክቶቹ መካከል የሙሽራና የሙሽሪት ድምፅ፣ የወፍጮም ድምፅ መጥፋቱን የቆጠረው ስለዚህ ነው። ወፍጮ ጸጥ ያለበት መንደር ዕረፍት ያገኘ መንደር አይደለም።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ስለ ሰላም ባስተማረበት ክፍል ይህን ጉዳይ በጥንቃቄ ለይቶታል። እንደ እርሱ ትምህርት ሁለት ሰዎች ስለ ተስማሙ ብቻ ሰላም አላቸው አይባልም፤ አንደኛው የተስማማው ከመፍራቱ የተነሣ እንደ ሆነ ያ እውነተኛ ሰላም አይደለም። ደግሞም ፍትሕ የሰላምን እንቅፋት ታነሣለች፤ ሰላምን ራሷን የምትወልዳት ግን ፍቅር ናት ይላል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም ስለ ቤተ ክርስቲያን በዘመናዊው ዓለም በ1965 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሰነድ ሰላም የጦርነት አለመኖር ብቻ እንዳልሆነ አስተምሯል።

4. አንድ ከባድ ጉዳይ

እስካሁን የተናገርነውን ብዙዎች ሳይከራከሩ ይቀበሉታል። የሚከብደው የሚከተለው ነው።

በጦርነቱ ጊዜ ሁለት ጎረቤቶች ነበሩ እንበል። አንደኛው ልጆቹን ይዞ ወደ ደሴ ሸሸ፤ ሁለተኛው አረጋዊት እናቱን ትቶ መሄድ ስላልቻለ በመንደሩ ቀረ። ወራት አልፈው የሸሸው ሲመለስ ጎተራው ባዶ ሆኖ፣ የቤቱ በር ተነቅሎ አገኘው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሩን በጎረቤቱ ቤት ተገጥሞ አየው። ጎረቤቱም እንዳየው አየ። ሁለቱም ዝም አሉ። ቡና ይጠራራሉ፣ በቅሬው አብረው ይወጣሉ፤ ስለ በሩ ግን አንዳች ቃል አይነገርም። ሽማግሌዎቹም ይህን እያወቁ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም፤ ለመንደሩ ሰላም ሲባል ነገሩ ይታለፍ» ይላሉ። ይህ ምክር ትክክል ነውን?

የሽማግሌዎቹን ሐሳብ ማናናቅ አይገባም። ከነገር በኋላ የሚመጣውን ደም በዕድሜያቸው አይተዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በክልሉ ሌላ ግጭት ተቀስቅሶ፣ ሰው ገና ከአንዱ ሐዘን ሳያገግም በሌላው ተጨንቋል። እንዲህ ባለ ጊዜ «ሌባ» ብሎ መጮኽ ቤት የሚያቃጥል እሳት ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ዝምታው ከጥበብ የመጣ ይመስላል።

ሆኖም ጉዳዩን ዘርዝረን እንመልከተው። በመንደሩ የቀረው ሰው ከጎረቤቱ ጎተራ እህል የወሰደው እናቱ በረኃብ እንዳትሞት እንደ ሆነ፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይህ ስርቆት አይባልም፤ ነፍስን በሚያሰጋ የመጨረሻ ችግር ጊዜ የምድር ፍሬ ለሰው ልጆች ሁሉ የተሰጠ መሆኑ ይታሰባልና። ነገር ግን ስርቆት አለመሆኑ ከመናገር ነፃ አያወጣውም። «ወንድሜ፣ እህልህን በልተን ከሞት ተርፈናል» የሚል ቃል ለባለ እህሉ ይገባዋል። ያ ቃል ሳይነገር ሲቀር ንጹሕ የነበረው ሥራ እንደ ነውር በልብ ውስጥ ይደበቃል።

በሩ ግን የተለየ ነው። በር አይበላም። ባለቤቱ ሲመለስ የሰውን ንብረት ይዞ መቆየት፣ ቅዱስ ቶማስ ስለ መመለስ ግዴታ እንዳስተማረው፣ ፍትሕን በየቀኑ መንካት ነው። የተወሰደው ነገር እስካልተመለሰ ድረስ ጸጸቱ ብቻውን አይበቃም። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ዝም ብሎ አላዘነም፤ የበደላቸውን ሰዎች አራት እጥፍ እንደሚክስ በሰው ፊት ቆሞ ተናገረ።

ዕዳው በአንድ ወገን ብቻ ያለ እንዳይመስለን። የሸሸውም ሰው የሚጠየቀው አለ። በሩን የነቀለው ጎረቤቱ ይሁን፣ ወይስ ሌሎች ነቅለው ጥለውት እርሱ ከዝናብ ያዳነው ይሁን፣ ጠይቋልን? ቤቱ ሳይቃጠል የቀረው ጎረቤቱ ለምኖለት እንደ ሆነስ ያውቃልን? ከእርሱ የቀሩትን አረጋውያን ማን ቀበራቸው? የሸሸ ሰው በልቡ ፈርዶ በአፉ ዝም ሲል፣ ምናልባት ሊያመሰግነው የሚገባውን ሰው ሳይሰማው ይኮንነዋል። ስለዚህ ዝምታው ሁለቱንም ይበድላል፤ የበደለውን ከንስሐ፣ የተበደለውን ከእውነት ይከለክላል።

5. ነገርን ከሥሩ

የማሽላ ገበሬ አቀንጭራን ያውቀዋል። ይህ ጥገኛ አረም ከመሬት በላይ ብቅ ብሎ ከመታየቱ በፊት ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ውሃውንና ምግቡን ይመጠዋል። አበባው በታየ ጊዜ አብዛኛው ጉዳት ደርሷል። አንዱ ተክል በአሥር ሺህ የሚቆጠር ደቃቅ ዘር ይበትናል፤ ዘሩም ለብዙ ዓመት በአፈር ውስጥ ተኝቶ የማሽላ ሥር እስኪቀርበው ይጠብቃል። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ይህን አረምና ድርቅን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣታቸው ነበር። ሥራቸውም የተሳካው አረሙ ከመሬት በታች የሚያደርገውን በመመርመራቸው ነው።

ያልተነገረ ቂም እንዲሁ ነው። ማሳው ከላይ ጸጥ ብሎ ይታያል፤ ሥሩ ግን ይመጠጣል። ዘሩም ለልጆች ይተርፋል፤ በሩን ያላየ ልጅ «እነዚያ ሰዎች እኮ» የሚል ወሬ ይወርሳል። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት በከንቱ አይደለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በጩኸትና በዝምታ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም በሥርዓት መናገር ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የተበደለ ሰው አስቀድሞ ለብቻው ወደ ወንድሙ እንዲሄድ፣ ካልሰማው አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ እንዲመለስ፣ በመጨረሻም ለማኅበሩ እንዲናገር አዝዟል። የዚህ ሥርዓት ጥበቡ ድምፁ ከዝቅተኛ መጀመሩ ነው። ነገሩ በሁለት ሰዎች መካከል ቢያልቅ ማንም ሳያፍር ያልቃል። በሰሜን ወሎም ይህን የሚመስል የቆየ ልማድ አለ፤ አበጋር የሚባሉት በሁለቱም ሃይማኖት ዘንድ የሚከበሩ አስታራቂዎች፣ ከነፍስ ግድያ በኋላ እንኳ ተበዳይና በዳይን አገናኝተው፣ ካሣ አስከፍለው ደም ሲያደርቁ ኖረዋል። የእነርሱ ዕርቅ የሚጀምረው በደሉ ምን እንደ ሆነ በመናገር ነው፤ በመርሳት አይደለም። ሰው የተገደለበትን ወገን በቃልና በካሣ ለማስታረቅ የሚችል ባህል ለአንድ በር ቃል ሊያጣ አይገባውም።

«ቤተ ክርስቲያን ራሷ ዝምታን ታመሰግን የለምን?» የሚል ይኖራል። በእርግጥ ታመሰግናለች። ነቢዩ ኤልያስ በኮሬብ እግዚአብሔርን ያገኘው በዐውሎ ነፋሱና በእሳቱ ሳይሆን በረቂቁ ድምፅ ነበር፤ መነኮሳትም አርምሞን እንደ ትልቅ ተጋድሎ ይዘውታል። አርምሞ ግን ለመስማት የሚደረግ ዝምታ ነው። የእኛ ሁለት ጎረቤቶች የያዙት ዝምታ ላለመስማት የሚደረግ ነው። ስሙ አንድ ቢሆንም ፍሬው የተለየ ነው።

ስለዚህ ለጥያቄያችን መልሱ ይህ ነው፤ የሰፈር ጸጥታ መልካም የሚሆነው የፍትሕና የፍቅር ፍሬ ሲሆን ነው። እውነትን ቀብሮ የሚገዛ ጸጥታ ግን ብድር ነው፤ ወለዱን የሚከፍሉት ልጆች ናቸው። ይህን ስንል ማንም በማንም ላይ ይነሣ ማለታችን አይደለም። የሚናገር ሰው ጊዜውንና ቦታውን ይመርጥ፤ ከመክሰሱ በፊት ይጠይቅ፤ የወሰደ ሰው ደግሞ እስኪጠየቅ አይጠብቅ፤ መመለስ ያልቻለውም አቅሙ እስኪፈቅድ ቢያንስ ቃሉን ይስጥ።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ ይህን ጉዳይ በየቁምስናችሁ ለውይይት ስታቀርቡ የሩቁን አገር ጦርነት ሳይሆን የቅርቡን በር አንሡ። እያንዳንዱ ሰው በልቡ ይመርምር፤ በቤቴ የሌላ ሰው የሆነ ነገር አለን? ያላመሰገንሁት ጎረቤት አለን? ሳልጠይቅ የፈረድሁበት ሰውስ? ከእነዚህ ለአንዱ መልስ ያገኘ ሰው በዚያው ሳምንት ወደ ጎረቤቱ ይሂድ፤ ነገሩንም ከቡናው በፊት ይናገር።

የሰላም አምላክ ከሁላችሁ ጋር ይሁን።